እናቱ ሳትሞት የሙት ልጅ

ገና ወይም ፋሲካ በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ይለጠፋል። «ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እንጠይቅ» ይላል። ተማሪው ከኪሱ ያለውን ያዋጣል፤ ዳቦና ብስኩት፥ ሳሙናና ደብተር፥ አሮጌ ልብስም ይሰበሰባል፤ አውቶቡስ ይለመናል። ልጆቹ ይዘምራሉ፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያም እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ ነገሩ ይረሳል። ብዕሬን ያነሣሁት ይህን የሚያደርጉትን ጓደኞቼን ለመንቀፍ አይደለም። ከሌለው ላይ ቆርሶ የሚሰጥ ተማሪ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ ገንዘብ ልጁ ወደ ማሳደጊያ ከመግባቱ በፊት ቢደርስ ኖሮ ለማን ይሰጥ ነበር? ምንስ ይለውጥ ነበር? የሚለው ነው።

ሐሳቤን ሳላንዛዛ ልናገር። እናት ወይም አባት፥ አያት ወይም አክስት ያለው ልጅ ቤተሰቡ ድኃ በመሆኑ ብቻ ወደ ማሳደጊያ መግባት የለበትም። ልጁን በማሳደጊያ ለማኖር የሚወጣው ገንዘብ፥ ልጁን በእቅፏ ለማቆየት ለምትፈልገው ሴት አስቀድሞ ሊደርሳት ይገባል። ይህን የምለው ማሳደጊያዎች ሁሉ ክፉ ናቸው ብዬ ሳይሆን፥ በጎ አድራጎት ከመጨረሻው በር ላይ ቆሞ ከሚጠብቅ ይልቅ ከመጀመሪያው በር ቢጀምር ይሻላል ብዬ ስለማምን ነው።

ጥያቄው በዚህ ዩኒቨርሲቲ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966፥ ማለት በ1958 ዓ.ም.፥ በሾላ በኩል፥ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ፥ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለቀሙ ለማኞችና ችግረኞች የሚከማቹበት ካምፕ ነበር። ስሙ መጠለያ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪዎች ግን የሰዎቹን አያያዝ መርምረው ለሰው ልጅ የማይገባ ሆኖ ስላገኙት ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ያነሡትም ጥያቄ አጭር ነበር፦ ድኽነት ወንጀል ነውን?

እነዚያ ተማሪዎች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ችግረኛን መርዳትና ችግረኛን ከዓይን ማራቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አስተውለው ነበር። ሁለቱም በአንድ ስም ሊጠሩ፥ ሁለቱም በአንድ በጀት ሊሠሩ ይችላሉ። መንገዱ ከለማኝ ስለ ጠራ ለማኙ ተረዳ ማለት አይደለም። እንዲሁም ልጁ አጥር ወዳለው ግቢ ገብቶ ሦስት ጊዜ ስለ በላ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። ምናልባት ችግሩ ከልጁ ወደ እናቱ ተዛውሮ፥ እናቲቱ ልጅ አልባ፥ ልጁም እናት አልባ ሆነው ቀርተው ይሆናል። እንግዲህ የሾላን ጥያቄ ዛሬ እንደገና ብንጠይቅ እንዲህ ይሆናል፦ ድኽነት ልጅን ከእናቱ የሚያስነጥቅ ወንጀል ነውን?

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። «እጓለ ማውታ» የምንለው የግዕዝ ቃል ፍቺው የሙት ልጅ ማለት ነው። በስሙ መሠረት የሞተ ሰው መኖር አለበት። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ግን፥ ለምሳሌ ዩኒሴፍ በሚጠቀምበት ትርጉም፥ ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱን ብቻ ያጣ ልጅም ወላጅ አልባ ተብሎ ይቈጠራል። አቆጣጠሩ አባቱ የሞተበት ልጅ የሚደርስበትን ችግር ለማሳየት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቍጥሩን ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው፥ እነዚያ ሁሉ ልጆች ማንም የሌላቸው መስሎት ማሳደጊያ ለመሥራት ይነሣል። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት 5 ልጆች ቢያንስ 4ቱ ከወላጆቻቸው አንዱ ወይም ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ ገልጾ ነበር። ይህ ከሆነ ማሳደጊያውን የሞላው ሞት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ሞላው? መልሱን ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከስድስት ኪሎ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት እንጦጦ ፊት ለፊቱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አልፎ እስከ ኮተቤ ድረስ በተራራው ግርጌ የሰፈረው ሕዝብ ታሪኩ የሚታወቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያስተከሉት ባሕር ዛፍ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የከተማው ማገዶ ነበር፤ ማገዶውንም በወገባቸው ጐብጠው ቁልቁል ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ከነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው፥ ወይም ባል ጥሏቸው የሄደ፥ ወይም ከገጠር የመጡና ሌላ ሥራ ያላገኙ ነበሩ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ የተራራው መልክ ተለወጠ። በግርጌው ያለው የኑሮ ጥያቄ ግን ከዛፉ ጋር አብሮ አልተነቀለም።

በዚህ ሠፈር የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ለማሳደጊያ የምትሰጠው ስለማትወደው ነውን? ሒሳቡን እናስላ። የቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል። ሥራ ያለው በሰው ቤት ወይም በሕንፃ ግንባታ ቦታ ነው። ልጅ ያዘለች ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት ጥቂት ነው፤ ሲሚንቶና ድንጋይ የሚያመላልስ ሰውም ሕፃን አዝሎ አይሠራም። ልጁን የምታስቀምጥበት የሕፃናት መዋያ የላትም፤ ቢኖርም ክፍያው ከቀን ሙያተኛነቷ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። እንግዲህ ይህች ሴት ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ይኖርባታል፤ ወይ ሥራውን ይዛ ልጁን መልቀቅ፥ ወይ ልጁን ይዛ ሥራውን መልቀቅ። ሁለተኛውን ብትመርጥ ሁለቱም ይራባሉ። የመጀመሪያውን ስትመርጥ ደግሞ እኛ «ጨካኝ እናት» እንላታለን።

ከርሷ የባሰ ችግር ያለባት ደግሞ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ስትሠራ ያረገዘችው ወጣት ናት። ሆዷ ሲገፋ ከሥራዋ ትባረራለች። ወደ አገሯ እንዳትመለስ ኀፍረቱ ያግዳታል። ያስረገዛት ሰው የለሁበትም ይላል። ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጥሎ ሲገኝ ፖሊስ ይጠራል፤ ጋዜጣውም ስለ ተጣለው ሕፃን ያወራል። ስለ ተጣለችው እናት ግን የሚያወራ የለም። ሕፃኑ ከመጣሉ በፊት እርሷ ተጥላ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሕፃኑ መንገድ የታወቀ ነው። በከተማው አስተዳደር ሥር ለብዙ ዓመታት የቆዩት ማሳደጊያዎች ልጆችን በዕድሜና በጾታ ሲከፋፍሉ ኖረዋል። ክበበ ፀሐይ የጨቅላዎችና የትናንሽ ልጆች፥ ቀጨኔ የሴቶች፥ ኮልፌ የወንዶች ሆነው ሠርተዋል። ለአስተዳደር የሚመች ክፍፍል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ወንድምና እኅት አብረው ቢገቡ ምን እንደሚሆኑ አንባቢ ያስበው። ልጁ አንድ ጊዜ ከእናቱ፥ ሁለተኛ ጊዜ ካሳደገችው ሞግዚት፥ ሦስተኛ ጊዜ ከእኅቱ ይለያል። በየጊዜው የሚለያየው ደግሞ ማንም ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንቡ ነው።

«ቢሆንም ይበላል፥ ይማራል፥ ይታከማል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ አነጋገር ለብዙ ጊዜ እውነት መስሎ ኖሯል። ይሁን እንጂ ጆን ቦውልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ለዓለም የጤና ድርጅት ጥናት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጨቅላ ልጅ ከምግብና ከንጽሕና ሌላ ከአንድ ቋሚ ሰው ጋር የጠበቀ ፍቅር እንደሚያስፈልገው፥ ይህን ያጣ ልጅም በአእምሮው ጤና ላይ ጉዳት እንደሚደርስበት አስረድቶ ነበር። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተደረገው ጥናት ነገሩን በቍጥር አሳየ። በማሳደጊያ ከሚኖሩ 136 ሕፃናት እኩሌታው በዕጣ ተመርጠው በአደራ ለተቀበሏቸው ቤተሰቦች ተሰጡ፤ የቀሩት በተለመደው አያያዝ ቆዩ። ልጆቹ 54 ወር ሲሞላቸው በተሰጠው የአእምሮ ችሎታ መለኪያ፥ በማሳደጊያ እንዲቆዩ ዕጣ የወጣባቸው በአማካይ 73፥ ለቤተሰብ የተሰጡት 81፥ ከቤታቸው ያልወጡት የሠፈር ልጆች 109 አገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ከዘገዩት ይልቅ ተሽሎላቸው ተገኘ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በማሳደጊያ የምትሠራ ሞግዚት ምንም ያህል ደግ ብትሆን አንድ ናት፤ የሚያለቅሱት ሕፃናት ብዙ ናቸው። ተራዋ ሲያበቃ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፤ በምትኳ ሌላዋ ትመጣለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚመጣለት ፊት አንድ ካልሆነ፥ ውሎ አድሮም የማይመጣለት ከሆነ፥ ማልቀሱን ይተዋል። እኛ እንግዶች ደግሞ በበዓል ቀን ሄደን «እንዴት ጸጥተኛ ልጆች ናቸው!» ብለን እንመለሳለን። የማያውቀውን ሰው ሁሉ እየሮጠ የሚያቅፈውንም ልጅ «እንዴት ፍቅር ያውቃል!» እንላለን። በቤቱ ያደገ ልጅ ግን እንግዳ ሲመጣ በእናቱ ቀሚስ ይሸሸጋል።

የአገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ ለአሜሪካ ብዙ ልጅ የሰጠች አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ከነዚያ ልጆች መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት የነበሩ መኖራቸው፥ አንዳንዶቹም ወላጆች ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው መፈረማቸው ኋላ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት የሚያስተናግደውን ፋይል በቀን ወደ 5 አወረደው። በመጨረሻም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1070 ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከቤተሰብ ሕጉ አስወጣው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር የውጭ አገር ሰው ክፉ ነው የሚል አይደለም። ብዙዎቹ አሳዳጊዎች ልጆቹን በፍቅር ይዘዋል። የምንማረው፥ ከአንድ ልጅ በስተ ጀርባ ብዙ ገንዘብ ሲቆም ልጁን ከቤቱ የሚያወጣ መንገድ ራሱ እንደሚፈጠር ነው። በልጁ ስም ለማሳደጊያ ገንዘብ ተገኝቶ ለእናቱ ካልተገኘ፥ ልጁ ወደ ገንዘቡ ይሄዳል። የምዕራብ አገር አሳዳጊ ቀርቶ የእኛው ነጋዴ፥ የእኛው ተማሪ፥ በውጭ የሚኖረው ወገናችን ቢሆን ሰጪው፥ ሕጉ አይለወጥም። ማሳደጊያ የተከፈተበት ሠፈር እጓለ ማውታ አያጣም።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ስም ተነሥቶ ሊጠየቀኝ ይችላል። እማሆይ ወይም እመቤት ሳይባሉ በሕዝብ አፍ «እዳዬ» የተባሉት ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለበዓል ሄደው፥ በወሎ ረኀብ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ይዘው መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደረሱ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ብዙ ሺሕ ሰው በርሳቸው ምክንያት ሰው ሆነ። ታዲያ የርሳቸው ሥራ ስሕተት ነበርን? አይደለም። እናቲቱ ሞታ ነበርና። በረኀብ መካከል የቀረ ልጅ ሲገኝ አቅፎ መሄድ እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከዚያም በላይ፥ ያቀፉት በገዛ ቤታቸው፥ በገዛ እጃቸው ነው። ድርጅታቸውም እያደገ ሲሄድ ልጆችን በየቤታቸው ሳሉ መርዳትንና የሴቶችን ገቢ ማሳደግን ከሥራው ጋር አያይዞታል። ስለዚህ የርሳቸውን ስም ለግቢና ለአጥር ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው የሥራቸውን እኩሌታ ብቻ አይቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ሳንሸሽ እንመልስለት። «ዘመድ ሁሉ ዘመድ አይደለም» ይባላል። እውነት ነው። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣች የሟች ወንድም ልጅ፥ የአክስቷ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲሄዱ እርሷ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር የምናይበት ቤት በየሠፈራችን አለ። በእንጀራ እናት እጅ የሚደበደብ ልጅም አለ። ስለዚህ «ለዘመድ ስጡ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ልጁ በዘመድ ቤት ሲኖር በየጊዜው የሚጎበኘው፥ ትምህርት ቤት መሄዱን የሚጠይቅ፥ ብቻውን የሚያነጋግረው ሰው ያስፈልገዋል። በዚያ ቤት የሚበደል ከሆነም ወደ ሌላ ቤተሰብ ሊዛወር ይገባል። ማንም የሌለው ሕፃን ሲገኝ ደግሞ፥ ቤተሰብ እስኪፈለግለት ድረስ የሚያርፍበት ንጹሕና ሞቅ ያለ ቦታ ያሻል። ማሳደጊያ መቆያ ይሁን፤ መኖሪያ ግን አይሁን። የምለው ይህን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ለእናቲቱ ገንዘብ ቢሰጣት ታባክነዋለች» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ጥያቄ ነው፤ ለጠባቂው፥ ለሒሳብ ሹሙ፥ ለመኪናው ነዳጅ፥ ለአጥሩ ቀለም የሚወጣውን ገንዘብ ባከነ ብሎ የሚቈጥረው ማን ነው? በብር ደብተር ላይ በንጽሕና የተጻፈ ወጪ ሁሉ ልጁ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። አንዲት እናት ግን ከተሰጣት ገንዘብ ላይ አስቀድማ የምትገዛው ጤፍ ወይም ዱቄት መሆኑን ለማወቅ እናት ያለው ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

ወደ ሕጉም እንምጣ፤ ሕጉ ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷልና። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ሁሉ ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ በቍጥር 5፥ መንግሥት ለእጓለ ማውታን ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ፥ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹና ደኅንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋሞች እንዲመሠረቱ እንደሚያበረታታ ይናገራል። አንባቢ ያስተውል፤ ተቋሙ የተፈለገው ልጁ ቤተሰብ እንዲያገኝ ጭምር ነው እንጂ በተቋሙ ውስጥ እንዲያረጅ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ እንደሚቈጠር፥ ከትውልድ ቤተሰቡም ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ያረጋግጣል። ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው ሰው ጉዲፈቻ አድራጊ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ድኽነት ብቻውን ልጅን ከወላጆቹ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ አስፍሯል። የ1958ቱ ተማሪዎች በሾላ የጠየቁት ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በኒው ዮርክ ስለ ሕፃናት መልስ አገኘ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ባህላችንም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ለሕጋችን የሰጠው የኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት የተወሰደ ልጅ በአደባባይ፥ በሽማግሌ ፊት፥ የቤቱ ልጅ ይሆናል። በአማራውም አገር የጡት ልጅ የሚባል አለ። ዛሬ በከተማችን ግን ልጅ ያሳደገ ሰው ጎረቤት እንዳያውቅበት ሠፈር ሲቀይር እናያለን። አያቶቻችን በአደባባይ ያደርጉት የነበረውን እኛ የተማርነው በስውር ማድረጋችን ያሳፍራል።

የእንጦጦ ተራራ ራሱ ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ አለው። ኤች አይ ቪ በከተማችን በበረታበት ዘመን ብዙ ሕሙማን ጸበል ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በዙሪያው ሰፍረው ነበር። ከነርሱም ልጆች ያሏቸው ነበሩ፤ ልጆቹንም ሁሉም ሰው «ነገ ወላጅ አልባ የሚሆኑ» ብሎ ይቈጥራቸው ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፥ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ሲያስተምሩ፥ የብዙ እናቶች ሞት ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በሕይወት የቆየች እያንዳንዷ እናት አንድ ማሳደጊያ ናት። ለዚህ ሥራ መሠረተ ድንጋይ አልተጣለም፤ ሪባን አልተቈረጠም፤ ልጆች ለእንግዳ አልዘመሩም። ነገር ግን ለሕፃናት ከተደረገው በጎ አድራጎት ሁሉ ታላቁ ይህ ነበር እላለሁ። ልጅን ለማዳን የሚበልጠው መንገድ እናቱን ማኖር ነው።

በእጃችን ያሉ መሣሪያዎች ሌሎችም አሉ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለሚችለው ሥራ፥ መሥራት ለማይችለው ቀጥታ ድጋፍ የመስጠት ሐሳብ ይዞ የተነሣ ነው። የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አያት በዚህ መዝገብ እንድትገባ የሚከራከርላት ሰው ያስፈልጋታል። ዕድሮቻችንም አሉ። ዕድር አባት ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮ ይቀቅላል፥ ሬሳ ይሸኛል፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነቀላል። ልጁ ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላም ይበላል። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የሟች አባሎቻቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። የሞተውን በክብር የሚቀብር ማኅበር፥ የቀረውን በክብር ማሳደግ እንደማያቅተው እነርሱ አሳይተዋል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ምክር ለሌላው ብቻ መስጠት የተማሪ አመል ነው ይባላልና። ለማኅበራችን አባሎችና ለመምህራኖቻችን የማቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ በበዓል ጊዜ የሚደረገው መዋጮ ወርኃዊ ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚሰጥ ካርቶን ብስኩት ይልቅ፥ በየካ አንድ ወይም ሁለት ቀበሌ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድጉ ጥቂት አያቶችና ብቸኛ እናቶች ሳይቋረጥ የሚሰጥ አነስተኛ ገንዘብ ይበልጣል። ችግረኞቹን እኛ አንምረጥ፤ ከሠፈሩ ዕድርና ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን እንወቃቸው። ሒሳቡም በዚህ ጋዜጣ ይውጣ፤ የተረጂው ስም ግን አይውጣ።

ሁለተኛ፥ የሕግ ተማሪዎች በወረቀት ይርዱ። አንዲት አክስት የልጁን አባት ጡረታ ለማስከበር ወይም የቀበሌ ቤቱን ላለመነጠቅ የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለባት። የልደት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ማመልከቻ ለማጻፍ ገንዘብ የላትም፤ ከሥራ ቀርታ ለመመላለስም ቀን የላትም። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጽፈው ማመልከቻ አንድን ልጅ በቤቱ ሊያቆየው ይችላል።

ሦስተኛ፥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ለልምምድ ሲወጡ ልጆች የሚገቡበትን ማሳደጊያ ብቻ ሳይሆን የሚወጡበትን ቤት ይጎብኙ። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፥ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና የተከፈተ ነው። ይህን ያህል ሞቶ የተነሣ ትምህርት ከቢሮ ወንበር የበለጠ ቦታ ይገባዋል። በዘመድ ቤት ያለውን ልጅ በየጊዜው የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል ያልሁት ለዚህ ነው።

አራተኛ፥ የሕፃናት መዋያ። በኮተቤና በስድስት ኪሎ ግቢዎች የጽዳትና የምግብ ቤት ሥራ የሚሠሩ እናቶች አሉ። ልጆቻቸው ቀኑን የት ይውላሉ ብሎ የጠየቀ የተማሪ ማኅበር ነበርን? ከእንጦጦ በፊት ከግቢያችን እንጀምር። አንድ ክፍልና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሞግዚቶች በቂ ናቸው።

አምስተኛ፥ ፎቶግራፉ ይቅር። ልጁ ነገ አድጎ በዚህ ግቢ ተማሪ ሆኖ ሲመጣ፥ ለብስኩት እጁን ዘርግቶ የተነሣውን ሥዕል በማንም ጓደኛው ስልክ ላይ ሊያየው አይገባም።

ይህን ሁሉ ብናደርግ በማሳደጊያ ያሉትን ልጆች እንርሳ ማለቴ አይደለም። እነርሱ ዛሬ እዚያው ናቸው። የምንጠይቃቸው ከሆነ ግን በበዓል ቀን 60 ሰው ሆነን ሳይሆን፥ በሳምንት አንድ ቀን ያው አንድ ሰው ለአንድ ልጅ ሳያቋርጥ ሂሳብና ንባብ እያስጠና ይጠይቅ። ልጁ ብዙ እንግዳ አይቷል፤ የሚመለስ ሰው ነው ያላየው። ዓመቱን ሙሉ ለመመለስ የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የበዓሉ መዋጮ አጀንዳ እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ገንዘብ ያዡም «ስንት ካርቶን እንግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን አንድ ሰው እጁን አንሥቶ «ስንት እናቶችን ስንት ወር ልናቆይ እንችላለን?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ከተጠየቀ ሒሳቡን ሁላችን አብረን እንሠራዋለን።